ላዩ ያማረ ላፕቶፕ፣ ውስጡን ለቄስ፦ የትኛውን መመርመሪያ ሶፍትዌር ፍላሻችሁ ላይ ትይዛላችሁ?

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው የሚሰማው ነገር ብዙም አይለያይም። «ወንድሜ፣ ስላይትሊ ዩዝድ ነው። ከውጭ እንደመጣ ነው። ማንም አልነካካውም።» ክዳኑ ተወልውሏል። ኪቦርዱ ያብለጨልጫል። ዊንዶውሱ ትናንት ማታ ፎርማት ተደርጎ ስለተጫነ ቶሎ ይነሳል። ላዩ ይሄ ነው። ውስጡን ለቄስ።

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ የጎጃም ገበሬ እንዲህ በቀላሉ ብር አይቆጥርም። የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። ላፕቶፕም ጥርስ አለው። አፉን የሚከፍትላችሁ ደግሞ ጥቂት ሜጋባይት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ችግሩ ሶፍትዌሩ መብዛቱ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ሲኒቤንች ይላል፣ ሌላው አይዳ፣ ሌላው ፈርማርክ። ግቢ ሊከፈት ሲል የፖሊና የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) ተማሪዎች «የቱን ላውርድ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ይህን የጻፍኩት ለእያንዳንዱ መመለስ ስለሰለቸኝ ነው።

## መስፈርቱ ይቅደም

ሁለት ዓይነት ሶፍትዌር አለ። ሰው ግን ይቀላቅላቸዋል። አንዱ መመርመሪያ ነው፤ ዕቃው ጤነኛ መሆኑን ይነግራል። ሌላው የፍጥነት መለኪያ፣ ማለትም ቤንችማርክ ነው፤ ዕቃው ምን ያህል እንደሚሮጥ ይነግራል። ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ የመጀመሪያው ይቀድማል። ሃርዱ (ሃርድ ዲስኩ) ሊሞት የደረሰ ኮምፒውተር እኮ በፕሮሰሰር ፈተና ጥሩ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ፈተናው ሃርዱን ዞር ብሎ አያየውም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሶፍትዌር በእነዚህ ጥያቄዎች ነው ያበጠርኩት።

- ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ከስልካችሁ ዳታ እያጋራችሁ ጊጋባይት ማውረድ አያዋጣም።
- ሳይጫን ከፍላሽ ይነሳል? ሻጩ ዕቃው ላይ ሶፍትዌር እንድትጭኑ ላይፈቅድ ይችላል። እውነቱን ነው።
- ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የሻጭ ትዕግስት 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ «ትገዛለህ አትገዛም?» ይመጣል።
- ውጤቱ ያስወስናል? «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ብሎ የሚናገርና የቁጥር ጫካ ውስጥ ጥሎን የሚሄድ አንድ አይደሉም።
- ነፃ ነው? ለማንስ? በዶላር ካርድ የሚከፈል ከሆነ ለአብዛኞቻችን የለም ማለት ነው።

## ዲስክ፦ ጥርሱ እዚህ ነው

ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ተሸውጃለሁ። ላፕቶፑ ሲያዩት ያስጎመጃል። ቤት ወስጄው ሁለት ወር ሳይሞላ ሃርዱ «ጠቅ ጠቅ» ማለት ጀመረ። ያኔ ከፍላሽ አንድ ሶፍትዌር ከፍቼ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢጫ ምልክት አይ ነበር። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው ፍላሽ ይዤ መዞር የጀመርኩት።

ያ ሶፍትዌር ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ነው። የጃፓን ሥራ ነው፣ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሳይጫን ይከፈታል። ሃርድም ሆነ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ዓይነት ዲስክ) ስማርት የሚባል የራሱን የጤና መዝገብ ይይዛል። ሶፍትዌሩ ያንን መዝገብ ነው የሚያነበው። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ከሆነ ሽሽ።

ግን ሰማያዊ ስላያችሁ ብቻ አትዝናኑ። ሦስት መስመሮችን በዓይናችሁ ፈልጉ፦ 05፣ ሲ5 (C5) እና ሲ6 (C6)። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ የዲስክ ክፍሎችን ይቆጥራል። ሲ5 ለማንበብ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁ ክፍሎች ናቸው። ሲ6 ጭራሽ ሊነበቡ ያልቻሉት ናቸው። በሚሽከረከር ሃርድ ላይ ሦስቱም ዜሮ ቢሆኑ ነው ደስ የሚለኝ። ሲ5 ከዜሮ ከበለጠ እኔ አልገዛም። ወይም የአዲስ ኤስኤስዲ ዋጋ ከላፕቶፑ ላይ ይቀነስልኝ እላለሁ።

አንድ ማጥመጃ አለ። ሶፍትዌሩ በስተቀኝ ያሉትን ቁጥሮች መጀመሪያ ላይ የሚያሳየው በ16 ቤት አቆጣጠር ነው። መጨረሻው 10 ብሎ ቢታያችሁ አሥር አይደለም፣ 16 ነው። ከማውጫው ላይ ወደ ተለመደው የ10 ቤት ቁጥር መቀየር ይቻላል። በዚህ ምክንያት ሁለት ጓደኞቼ ከሻጭ ጋር ተጨቃጭቀዋል። አንዱ ተሳስቶ ነበር።

ከዚያ የሠራበትን ሰዓት እዩ። 20,000 ሰዓት ማለት በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ወደ 7 ዓመት የሚጠጋ ነው። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይቀልጣል። በተቃራኒው የስድስት ዓመት ላፕቶፕ ላይ 15 ሰዓት ብቻ ካያችሁ ዲስኩ ሳይቀየር አይቀርም። ያ በራሱ ክፋት የለውም። ግን «ማንም አልነካካውም» የተባለው ውሸት ነበር።

ተፎካካሪው ሃርድ ዲስክ ሴንቲነል ነው። ጤናውን በመቶኛና በዓረፍተ ነገር ያስረዳል። ቁጥር ለማይወድ ሰው የሱ ይሻላል። ሙሉው እትም ግን ይከፈልበታል። ለአንድ ቀን ግዢ ክሪስታል ይበቃል።

ፍላሽ ለረሳ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ሲበሩ ኤፍ 2 ሲጫኑ፣ የዴል ደግሞ ኤፍ 12 ተጭነው ዲያግኖስቲክስ የሚለውን ሲመርጡ የራሳቸውን ፈተና ይጀምራሉ። ዲስክ፣ ራምና ባትሪ ያያሉ። ዊንዶውስ ባይኖርም ይሠራሉ። ደካማ ጎናቸው ዕቃው ጭራሽ እስኪወድቅ ድረስ «አልፏል» ማለት መውደዳቸው ነው። የ05ን ቁጥር ዘርዝረው አይነግሯችሁም።

## ሙቀት፦ የባሕር ዳር ጉዳይ

የብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የሙቀት ወሰን 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጀበናው ከሚፈላበት ሙቀት በላይ እየሠራ ያለ ላፕቶፕ ጭናችሁ ላይ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ ያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። የሚያዝያና የግንቦት ፀሐይ ሲጨመርበት፣ ፋኑ ውስጥ ደግሞ የመንገዱ አቧራ ሲጠራቀም ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጠቃሚው «ስታክ ያደርጋል» ይላል። ራም ይጨምራል። ለውጥ የለም። ችግሩ ሙቀቱ ነበራ።

ይህን ለማየት ኤችደብልዩ ኢንፎን የሚያህል አላገኘሁም። ከፍላሽ ይነሳል። ሲከፈት «ሴንሰር ብቻ» የሚለውን ምረጡ፣ አለዚያ የመረጃ ጎርፍ ውስጥ ትሰጥማላችሁ። ለእያንዳንዱ ሴንሰር የአሁኑን፣ ዝቅተኛውን፣ ከፍተኛውንና አማካዩን ያሳያል። ወሳኙ ግን ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ፍጥነት መቀነሱን «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የሚነግረው መስመር ነው። ላፕቶፑን ለ10 ደቂቃ ከባድ ሥራ አሠርታችሁ (ከታች ያለው ሲኒቤንች ይሆናል) አስጨንቁትና ያንን መስመር እዩ። «አዎ» ካለ ዕቃው ሞቷል ማለት አይደለም። ጽዳትና አዲስ ቴርማል ፔስት (ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) ሊያድነው ይችላል። ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ኤችደብልዩ ሞኒተር ቀለል ያለ ነው። ሙቀቱን ብቻ ለሚፈልግ ይበቃል። ያንን «አዎ/አይ» ግን እንደ መጀመሪያው በግልጽ አይሰጥም። ጥገና ቤት ላላችሁ ሌላ ነገር ልበል። ኤችደብልዩ ኢንፎ ነፃ የሆነው ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት ነው። ደንበኛ አስከፍላችሁ የምትመረምሩ ከሆነ ወይ ፈቃዱን ግዙ፣ ወይ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) የሆነውን ሊብሬ ሃርድዌር ሞኒተር ያዙ። አዲሱን እትም አውርዱ፤ የቆዩትን የዊንዶውስ ዲፌንደር ሊያግዳቸው ይችላል።

## ባትሪ

ለዚህ የተለየ ማውረድ አያስፈልግም። ኤችደብልዩ ኢንፎ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን ሙሉ ሲሆን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። 50,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው 30,000 ላይ ከሆነ 40 በመቶው አልቋል። ዊንዶውስ ራሱም ከጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት የባትሪ ሪፖርት ያወጣል።

ግን የተቀየረ ርካሽ ባትሪ ሊዋሽ ይችላል፤ ውስጡ ያለችው ቺፕ የፈለገችውን ትላለች። ስለዚህ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ ክፈቱና 15 ደቂቃ ጠብቁ። መቶኛው ከ90 ወደ 60 ከወረደ ሪፖርት አያስፈልጋችሁም። መብራት ሲጠፋ ከሁሉም በላይ የምትፈልጉት ባትሪውን ነው።

## ራም፦ ሱቅ ውስጥ የማይሆን ፈተና

ሜምቴስት 86 እና ሜምቴስት 86 ፕላስ የአንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፍ ናቸው። ሁለቱም ዊንዶውስን ትተው ከፍላሽ በቀጥታ ይነሳሉ። ፕላሱ ክፍት ምንጭና ያለ ገደብ ነፃ ነው። ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ከቆየ በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. በአዲስ መልክ ተመልሷል። ሌላው የፓስማርክ ኩባንያ ነው። ነፃው እትም 4 ዙር ላይ ይቆማል። ለቤት ሰው 4 ዙር ይበቃል። ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ እንደበራም ይነሳል። ፕላሱን ለማስነሳት ግን ያንን ጥበቃ ማጥፋት ሊያስፈልግ ይችላል፤ እሱ ለጀማሪ ትንሽ ያደናግራል።

ችግሩ ጊዜው ነው። ለ8 ጊጋባይት ራም ሙሉ ፈተና ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ሻጩ ይሄን ሁሉ ሰዓት አይጠብቃችሁም። የኔ ምክር ሻጩ የጥቂት ቀን መመለሻ እንዲሰጣችሁ መደራደርና የዚያኑ ዕለት ማታ ቤት ውስጥ መፈተን ነው። አንድ ቀይ መስመር ከታየ መልሱት። በተለይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ቀጭን ላፕቶፕ ከሆነ አትለፉት። እሱን ነቅሎ በሌላ መተካት አይቻልም።

የዊንዶውስ የራሱ የራም መመርመሪያም አለ። ከምንም ይሻላል።

## ማንነቱ

ሲፒዩ-ዚ የፕሮሰሰሩን መታወቂያ ያሳያል። ተለጣፊው «ኮር አይ ፋይቭ» ማለቱ ምንም ማለት አይደለም፤ ትውልዱን ነው ማየት ያለባችሁ። ስሙ በዩ (U) የሚያልቅ የ7ኛው ትውልድ አይ ፋይቭ 2 ኮር (ራሱን የቻለ የስሌት ክፍል) ነው። የ8ኛው 4 ኮር ነው። ትልቅ ልዩነት ነው። ደግሞም ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ኢንቴል ነው፤ ከጥቂት በስተቀር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። «ሰባተኛና ስምንተኛ ያው ነው» ካላችሁ ሻጭ ጋር አትከራከሩ፤ ዋጋው ላይ ብቻ ተከራከሩ።

ዴስክቶፕ ከግራፊክስ ካርድ ጋር የምትገዙ ከሆነ ጂፒዩ-ዚን ጨምሩ። አሮጌ የኤንቪዲያ ካርድ ስሙ ተቀይሮ እንደ አዲስ ሲሸጥ አውቆ «ፌክ» ብሎ ይጽፍበታል።

## የፍጥነት መለኪያዎቹ

እዚህ በፍጥነት አልፋለሁ። ዩቲዩብ ከበቂ በላይ ይነግራችኋል።

ሲኒቤንች አር23 ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሳይጫን ይከፈታል። ካልነካካችሁት 10 ደቂቃ ይሮጣል። እኔ የምወደው ለነጥቡ አይደለም፣ ለሙቀቱ ነው። ኤችደብልዩ ኢንፎን ጎኑ ከፍታችሁ ስታስሮጡት ሁለት ፈተና በአንድ ጊዜ ጨረሳችሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲኒቤንች 2024 ነጥብ ከአር23 ነጥብ ጋር አይነጻጸርም። ለአሮጌ ላፕቶፕም ይከብዳል።

ጊክቤንች 6 ንጹሕና ቀላል ነው። መለኪያው ኮር አይ7 12700 ነው፤ ያ ፕሮሰሰር በነጠላ ኮር 2,500 ነጥብ ተሰጥቶታል። የናንተ 1,250 ካመጣ ግማሹ ነው ማለት ነው። ስልክንም ይለካል። ግን ነፃው እትም ውጤቱን ወደ ኢንተርኔት ልኮ ነው የሚያሳየው። ኔትወርክ ሲጠፋ እጃችሁ ባዶ ነው።

ሰቨን-ዚፕ ብዙ ሰው ፋይል መጭመቂያ ብቻ ይመስለዋል። ማውጫው ውስጥ ቤንችማርክ ተቀምጧል። 2 ሜጋባይት የማይሞላ ፋይል ነው! ኮምፒውተሩ ላይ ቀድሞ ተጭኖም ልታገኙት ትችላላችሁ። ሁለት ላፕቶፖችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማወዳደር ይበቃል።

ስሪዲማርክ ለጌምና ለግራፊክስ ነው። በጊጋባይት የሚቆጠር ማውረድ ይጠይቃል። ፈርማርክን ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ባታስሮጡ ይሻላል። ግራፊክሱን እስከ ጥግ ነው የሚያሞቀው። ዕቃው እጃችሁ ላይ ቢበላሽ ዕዳው የናንተ ነው።

የትኛውንም ስትጠቀሙ ቻርጀሩ ይሰካ። ብዙ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል። መብራት በጠፋበት ሱቅ የተወሰደ ነጥብ ለንጽጽር አይሆንም።

## በአንድ ዓይን

| ሶፍትዌር | የሚያየው | ሳይጫን | ያለ ኢንተርኔት | ጊዜ | ክፍያ |
|---|---|---|---|---|---|
| ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ | የዲስክ ጤና | አዎ | አዎ | 1 ደቂቃ | ነፃ |
| ሃርድ ዲስክ ሴንቲነል | የዲስክ ጤና በመቶኛ | እንደ እትሙ | አዎ | 1 ደቂቃ | ሙሉው በክፍያ |
| ኤችደብልዩ ኢንፎ | ሙቀት፣ ባትሪ | አዎ | አዎ | 10 ደቂቃ | ለግል ነፃ |
| ሲፒዩ-ዚ | ፕሮሰሰር፣ ራም | አዎ | አዎ | 1 ደቂቃ | ነፃ |
| ጂፒዩ-ዚ | ግራፊክስ ካርድ | አዎ | አዎ | 1 ደቂቃ | ነፃ |
| ሜምቴስት 86 | ራም | ከፍላሽ ይነሳል | አዎ | ሰዓታት | እስከ 4 ዙር ነፃ |
| ሜምቴስት 86 ፕላስ | ራም | ከፍላሽ ይነሳል | አዎ | ሰዓታት | ነፃ |
| ሲኒቤንች አር23 | ፍጥነት በሙቀት ውስጥ | አዎ | አዎ | 10 ደቂቃ | ነፃ |
| ሰቨን-ዚፕ | ፍጥነት | ፎልደሩን በመቅዳት | አዎ | 2 ደቂቃ ገደማ | ነፃ |
| ጊክቤንች 6 | ፍጥነት | አይ | ነፃው አይሠራም | ጥቂት ደቂቃ | ነፃና የክፍያ |
| ስሪዲማርክ | ግራፊክስ | አይ | ማውረዱ ከባድ ነው | እንደ ፈተናው | ነፃና የክፍያ |

## ለማን የቱ?

ተማሪ ከሆናችሁና 15 ደቂቃ ብቻ ካላችሁ፦ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ ሲፒዩ-ዚ፣ ኤችደብልዩ ኢንፎ። በዚህ ቅደም ተከተል። ዲስኩ ካስጠላችሁ ወደ ሌላው አትለፉ፣ ውጡ። ጊዜ ከተረፈ ሰቨን-ዚፕን እያስሮጣችሁ ሙቀቱን እዩ።

የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ፦ ከላይ ባሉት ላይ ሲኒቤንች አር23ንና ጂፒዩ-ዚን ጨምሩ። ለእናንተ ኮምፒውተሩ ለአንድ ደቂቃ ፈጣን መሆኑ አይጠቅምም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ ፍጥነቱን መያዝ አለበት። ሲኒቤንችን ሁለት ጊዜ አስሮጡት። ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው በብዙ ከወረደ ያ ዕቃ የናንተ አይደለም።

ጥገና ቤት ካላችሁ፦ ሜምቴስት 86 ፕላስ፣ ክሪስታልና ሊብሬ ሃርድዌር ሞኒተር፤ ሦስቱም ክፍት ምንጭ ናቸው። ቬንቶይ የሚባለው ነፃ መሣሪያ አንድ ፍላሽ ላይ ብዙ የሚነሱ ፋይሎችን ያስይዛል። ሜምቴስትንና አንድ ሊኑክስን አብራችሁ አስገቡ። ዊንዶውሱ ያልተነሳ ኮምፒውተርም እንዲህ ይመረመራል።

ለመሥሪያ ቤት ብዙ ኮምፒውተር የምትረከቡ ከሆነ፦ ገንዘብ ካለ አይዳ 64 ወይም የፓስማርክ የክፍያ ጥቅል ሪፖርት ስለሚያወጣ ይጠቅማል። ሁለቱም የ30 ቀን ሙከራ አላቸው። የክራክ እትም ግን አደራ። የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ በገዛ እጃችሁ ለቫይረስ መክፈት ነው።

አንዳቸውም የማይነግሯችሁ ነገር አለ። የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ፓስወርድ መኖሩን፣ ማጠፊያው መላላቱን፣ ወይም የድሮ ባለቤቱ ድርጅት ዕቃውን ከርቀት መቆለፍ መቻሉን። ባዮስ ውስጥ ራሳችሁ ግቡ። ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝታችሁ የድርጅት ስም ያለበት የመግቢያ ገጽ መምጣት አለመምጣቱን እዩ።

ፍላሹን ስትገዙ ደግሞ 64 ጊጋባይት ተብሎ 8 ብቻ የሆነ ፍላሽ ሊገጥማችሁ ይችላል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው ትንሽ የጀርመን ሶፍትዌር ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ይነግራችኋል። የፍላሹን ይዘት ቅጂ ቤት አስቀምጡ። ከሱቅ በተመለሳችሁ ቁጥር ፍላሹን ፎርማት አድርጉና ከቅጂው መልሱ። በየላፕቶፑ ሲሰካ የዋለ ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።